በሁለት መስታወት መካከል

ነጠላ መስታወት ብርሃን ያስገባል እንጂ ሙቀት አያቆይም። ስለዚህ በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ብርዳም አገሮች ሰዎች በረዶው ከመውረዱ በፊት በመስኮቱ ላይ ሌላ መስኮት ደርበው ይገጥሙ ነበር። ብርዱ ሲያልፍ ነቅለው እስከሚቀጥለው ዓመት ያስቀምጡታል።

ቶማስ ስቴትሰን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1865 ይህን ድካም የሚያስቀር ፈጠራ በስሙ አስመዘገበ። ሁለት መስታወቶችን በጥቂቱ አራርቆ፣ ዙሪያቸውን ደፍኖ አየሩን መካከላቸው ማስቀረት ነው። ብርዱን የሚመክተው መስታወቱ ሳይሆን መንቀሳቀሻ ያጣው አየር ነውና ሐሳቡ ትክክል ነበር። አስቸጋሪው አደፋፈኑ ነው፤ ጥቂት እርጥበት ከገባ መስታወቱ እጅ በማይደርስበት በኩል ይደፈርሳል። ሲ. ዲ. ሄቨን የተባለ የማቀዝቀዣ መሐንዲስ መላ ያገኘለት በ1930ዎቹ ሲሆን፣ ሊቢ ኦወንስ ፎርድ የተባለው የመስታወት ፋብሪካ ምርቱን «ቴርሞፔን» ብሎ ለገበያ አቀረበው።

ያም ሆኖ ነዳጅ ርካሽ በነበረበት ዘመን ብዙው አሜሪካዊ በነጠላ መስታወት መኖሩን ቀጠለ። ቤቱ ሲበርድ ማሞቂያውን መጨመር ይቀል ነበር።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የዓረብ አገሮች ለአሜሪካ ነዳጅ መላክ አቆሙ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የአንድ በርሜል ዋጋ ወደ አራት እጥፍ ዘለለ። በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ መናር በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂዎችን አድማ ቀስቅሶ ለአብዮቱ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሆነ። በካሊፎርኒያ ደግሞ አርተር ሮዘንፌልድ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ የአቶም ቅንጣት ምርምሩን ትቶ በሕንፃዎች የኃይል ብክነት ላይ ተነሣ። በበርክሌይ ላቦራቶሪ ካሰባሰባቸው አንዱ ስቲቭን ሴልኮዊትዝ ነበር፤ ትኩረቱም መስኮት ላይ ነበር።

ድርብ መስታወት ቢገጠምም ሙቀት በዓይን በማይታይ ጨረር መልክ ያመልጣል። መፍትሔው በጣም የሳሳ የብር ሽፋን ነበር፤ ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ሙቀቱን ወደመጣበት ይመልሳል። በመንግሥት ገንዘብ የተደገፈው ይህ ምርምር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ገበያ ገባ። ከዚህ በኋላ በመስታወቶቹ መካከል በአየር ፋንታ ሙቀት በቀላሉ የማያስተላልፍ አርጎን ጋዝ መሙላት ተለመደ። ለሕዝብ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ሥራ ማግኘት ይከብዳል።

የዚህ ሁሉ ድምር በግልጽ የታየው በኒው ዮርኩ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የሕንፃው 6,514 መስኮቶች ተራ በተራ ወረዱ፤ ግን አልተጣሉም። አምስተኛው ፎቅ ላይ በተደራጀ ጊዜያዊ ወርክሾፕ ተነጣጥለው ታጠቡ፤ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ሙቀት መላሽ ስስ ፕላስቲክ ተወጠረ፤ ጋዝ ተሞልቶ ዳግም ታሸጉ። ከቀድሞው መስታወት ከ90 በመቶ በላይ የሆነው እዚያው ሥራ ላይ ዋለ። መስኮቶቹ አንዱ ክፍል የሆኑበት እድሳት የሕንፃውን የኃይል ፍጆታ በ38 በመቶ ለመቀነስ የታቀደ ነበር።

አሮጌ መስኮት ሁሉ መጣል የለበትም ማለት ነው። በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ የቆየ ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ግን መቀየር ግድ ከሆነባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት በአዲሱ መስኮት ላይ የተለጠፈውን ምልክት አንብቡ፤ «ዩ ፋክተር» የሚለው ቁጥር ባነሰ መጠን መስኮቱ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ይበልጣል።