ስሜን ተራራ ላይ ለደስታ መውጣት መቼ ተጀመረ?

ስለ ስሜን ተራሮች ከተጻፉት ነገሮች ሁሉ የጥንቱ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአገር ውበት ውዳሴ እንዳይመስላችሁ። የብርድ እሮሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ ቀይ ባሕር ዳር ወደነበረችው አዱሊስ መጣ። እዚያ አንድ የድንጋይ ዙፋን አየና የተቀረጸበትን የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦ ያዘ። ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ ቅጂው ግን ተርፏል። በጽሑፉ ላይ አንድ ስሙ ያልተረፈልን የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ይቆጥራል። ከነሱ ውስጥ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ የ«ስሜን» ሰዎች አሉበት፤ ወንዙን ብዙ ተመራማሪዎች ተከዜ ነው ይላሉ። አገራቸው ለመውጣት የሚያስቸግር ተራራ እንደሆነ፣ ብርዱ ዓመቱን ሙሉ እንደማይለቅ፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚውጥ ይናገራል። እስቲ ነጠላ ጫማ ያደረገውን ምስኪን ወታደር አስቡት!

ዛሬ ወደዚያው ተራራ ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ ድንኳን ይዞ፣ ፎቶ ሊነሣ ይወጣል። መነሻው ደባርቅ ናት። ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች ትንሽ የደጋ ከተማ፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ነው። ታዲያ ከወታደሩ እሮሮ እስከ ድንኳኑ ድረስ ምን ሆነ? (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቀም ዓ.ም. እላለሁ።)

በመጀመሪያ ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። ለኛ ሰሜን ማለት የአቅጣጫ ስም ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚለው ግን የቃሉ ጥንታዊ መልክ በግዕዝ ደቡብ ማለት ነበር! ለምን? አክሱም ላይ ለቆመ ሰው ተራራው በደቡብ በኩል ነዋ። የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ደቡብ እየወረደ ሲመጣ ተራራው በሰሜን ቀረ፤ ቃሉም አብሮት ዞረ። ተራራው ከቦታው ሳይነቃነቅ አቅጣጫ የቀየረ ቃል ሌላ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ ስሜን የሚወጣ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የሚያባርር ወይ የሚባረር። ይህን ያመጣው የመሬቱ ቅርጽ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ንብብር በንብብር ላይ ተጋግሮ ከፍተኛ አምባ ሠራ። ከዚያ ውሃ እየቆረሰ፣ እየሸረሸረ በሰሜን በኩል አንዳንድ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ገደል አወጣ። ይህ ገደል ዋልያን ከአዳኝ እንደሚሰውር ሁሉ ሰውንም ከንጉሥ ሰውሯል። ቤተ እስራኤላውያን በነዚህ አምባዎች ላይ ምሽግ ይዘው ለረጅም ጊዜ የራሳቸው ገዥዎች ነበሯቸው፤ አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው፣ አፄ ሱስንዮስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዘምተውባቸዋል። ስሜን ለዙፋንም ቅርብ ነበር። ደጃዝማች ውቤ ራሳቸው ይነግሡበታል ተብሎ በታነጸው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤን በጦርነት ያሸነፏቸው ካሣ ኃይሉ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተብለው ዘውድ ጫኑበት።

ከጦረኛው ሌላ መንገደኛም ነበር። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ሊማሊሞን መውጣት ግዴታው ነበር፤ እዚያ ላይ ቀረጥ ይቀበሉታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ በር ነው። ዛሬ ጎብኚ የሚሄድባቸው ብዙዎቹ መንገዶች ለጎብኚ አልተሠሩም፤ በቅሎና አህያ፣ ገበሬና ነጋዴ በእግሩ እየረገጠ ያወጣቸው ናቸው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሌላ ዓይነት ሰው መጣ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንን ዞሮ ቆዳና አጥንት፣ አራዊትና አዕዋፍ ሰብስቦ ወደ ፍራንክፈርት ተመለሰ። ዋልያ፣ ጭላዳ እና ቀይ ቀበሮ ዛሬ የሚጠሩባቸውን ሳይንሳዊ ስሞች ያወጣው እሱ ነው፤ የቀይ ቀበሮው ስም ውስጥ «ስሜን» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ አለ። እርግጥ ነው፣ የአገሩ እረኛ ሦስቱንም ከሩፔል በፊት ያውቃቸዋል። ግን ከዚያ በኋላ ስሜን በዓለም የሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ገባ፤ ይህም በኋላ ትልቅ ነገር አመጣ።

ከተማዋንስ? ደባርቅን ከዓለም ጋር ያገናኛት ጥልያን ነው ማለት ይቻላል፤ በደግ አሳብ አልነበረም እንጂ። በ1936 እና በ1941 መካከል ወራሪው ጦር በሊማሊሞ ገደል ላይ ጥምዝምዙን የመኪና መንገድ ቆርጦ አወጣ። ከደባርቅ አጠገብ ወልቀፊት በሚባለው በር ላይ የመሸገው የጥልያን ጦር በኢትዮጵያ አርበኞችና በእንግሊዝ ሠራዊት ተከቦ እጁን የሰጠው በመስከረም 1941 ነው። መንገዱ ግን ቀረ። ጠመንጃውም ቀረ! ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ጠመንጃ በየቤቱ ስለበዛ የዋልያ አደን ቀለለ። ሥጋው ይበላል፣ ቀንዱ ዋንጫ ይሆናል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመጡ የውጭ ባለሙያዎች የቀረው ዋልያ በጣም ጥቂት እንደሆነ አይተው ደነገጡ።

ፓርኩ የተወለደው ከዚህ ድንጋጤ ነው። በ1967 ሲ. ደብሊው. ኒኮል የሚባል የዌልስ ተወላጅ ወጣት የመጀመሪያው የፓርክ ኃላፊ ሆኖ ተላከ። ጃፓን ካራቴ ሲማር የቆየ፣ ደፋርና ቁጡ ሰው ነበር። ጥበቃ አደራጀ፤ ከአዳኝና ከደን ቆራጭ ጋር ተጋጨ፤ በሁለት ዓመቱ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ስለ ቆይታውም መጽሐፍ ጻፈ። በኋላ ጃፓን ውስጥ ታዋቂ ደራሲ ሆኖ፣ እዚያው ደን ሲያለማ ኖሮ በ2020 ዐረፈ። እሱ በሄደበት ዓመት፣ በ1969፣ ስሜን በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ስሜን። የአሜሪካው የሎውስቶንም ከነዚያ 12 አንዱ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው «ለደስታ መውጣት» የሚባለው ነገር ሥር የሰደደው። ተራራ ለመዝናናት መውጣት በአውሮፓም ቢሆን ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የተስፋፋ ልማድ ነው፤ ስሜን ላይ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ጦርነት አቋረጠው። በ1980ዎቹ አካባቢው የጦር ሜዳ ሆኖ ፓርኩ ለዓመታት ያለ ጠባቂ ቀረ። ደባርቅ ጎብኚን በደንብ ማስተናገድ የጀመረችው ከ1991 በኋላ ነው።

ጉዞው ምን ይመስላል? ደባርቅ ላይ ትመዘገባላችሁ። አስጎብኚ (ራሳቸው «ጋይድ» ነው የሚሉት)፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት፣ ዕቃ የሚሸከም በቅሎ ከነባለቤቱ፣ ካስፈለገ ምግብ አብሳይ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ስካውቶቹና በቅሎ ጫኞቹ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ሥራው ለብዙ ሰው እንዲዳረስ በተራ ይወጣሉ። ሳንቃበር 3,200 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ ከዚያ የጅንባርን ፏፏቴ አልፎ ግጭ፣ 3,600 ሜትር። ከግጭ እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ወጥቶ ገደሉን ማየት፤ ከዚያ ጨነቅ፣ ከዚያ ቧሂት። አቅሙ ያለው ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው ራስ ዳሽን ይቀጥላል። መንገዱ ከአስታው ዛፍ ይወጣና ጓሳና ጅባራ ብቻ ወዳለበት ሜዳ ይገባል። ጭላዳዎቹ በመቶ እየሆኑ ሣር ሲነጩ አጠገባቸው ብትቀመጡ ደንታም የላቸው።

እዚህ ላይ ሁሉም መንገደኛ የሚያየው አንድ ነገር አለ። ውድ ጫማ የተጫማው ጎብኚ ትንፋሽ አጥሮት ቁና ቁና ሲተነፍስ፣ በቅሎ ጫኙ ኮንጎ ጫማ አድርጎ እያፏጨ ያልፈዋል። ልምድ ብቻ ነው? አይደለም፤ ይህ በሳይንስ ተጠንቷል። 3,600 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 65 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በሲሶ ይቀንሳል ማለት ነው። (አዲስ አበባ የምትኖሩ ቀድሞውንም በ75 በመቶ ግድም ስለምትኖሩ ትንሽ ትሻላላችሁ።) በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሰውነታቸው ለዚህ ያመጣው መላ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ማብዛት ነው። ቲቤታውያን ሄሞግሎቢናቸው አይበዛም፤ ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ 3,530 ሜትር ላይ በስሜን ፓርክ አምባራስ አካባቢ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ሲለኩ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። ሄሞግሎቢናቸውም፣ በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠንም ቆላ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ነበር! ሦስተኛ ዓይነት መላ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የዘረመል ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ቆይተዋል፤ ሥራው ገና አላለቀም።

የሚያሳዝነው፣ ለዚህ ከፍታ ከማንም በላይ የተስማማው ሰው ራሱ የፓርኩ «ችግር» ተደርጎ መቆጠሩ ነው። በ1996 ስሜን አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የዋልያው ቁጥር ቀነሰ፣ እርሻና ከብት ወደ ላይ ገፋ፣ ውሻ ለቀይ ቀበሮ በሽታ ያመጣል። ውሸት አይደለም። በ1970ዎቹ የፓርኩ ኃላፊ የነበረው ስዊሳዊው ሐንስ ሁርኒ ስሜን ላይ አፈሩ በእርሻ ምክንያት እንዴት ታጥቦ እንደሄደ አይቶ፣ በኋላ ይህንኑ የአፈር መሸርሸር በመላው አገሪቱ ሲለካ ኖሯል። ገብስ የሚዘራበት ተዳፋት በየክረምቱ ይሳሳል። ገበሬው ግን ፓርኩ ሳይኖር እዚያ ነበር፤ የሚበላውም ከዚያው መሬት ነው።

መፍትሔ የተባለው በ2016 መጣ። ፓርኩ መሐል የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ካሣና ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በዓመቱ ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። የግጭ ሜዳ ላይ ጓሳው እንደገና አደገ፤ ይህ ለጭላዳም ለቀበሮም ጥሩ ነው። ለወረደው ገበሬስ? ማሳ የለመደ ሰው በከተማ ዳር በካሣ ገንዘብ ስንት ዓመት ይኖራል? እኔ በግሌ፣ ተራራው የተረፈበት ዋጋ ለሁሉም እኩል አልተከፋፈለም ባይ ነኝ። ሐሳቡ ቢያንስ አሳማኝ ነበር፤ እርሻው የሰጠውን እንጀራ ቱሪዝሙ ይስጥ ነው ነገሩ።

ቱሪዝሙ ግን ሰላም ይፈልጋል። በ2020 ኮቪድ መንገዱን ዘጋው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ በ2021 ውጊያው ደባርቅ አቅራቢያ ደረሰ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ቀጠለ። ጠባቂ መዘዋወር ሲያቅተው አዳኝ ይመለሳል፤ የዋልያው ቁጥር እንደገና ክፉኛ አሽቆልቁሏል። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችንን «ዋልያዎቹ» ብለን ስንጠራ ይህን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ደባርቅ ላይ ተራ የሚጠብቀው ስካውት ተራው አይደርሰውም፤ በቅሎ ደግሞ ጎብኚ መጣም ቀረም ገብሷን ትፈልጋለች።

ሰላም ሲሆን ሄዳችሁ ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስትወጡ፣ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን መንገድ ታገኙታላችሁ፤ የጅንባርን ወንዝ ተሻግሮ በዳገቱ የሚጠማዘዘውን። የግጭ ሰው ለገበያ ደባርቅ ሲወርድ፣ ጨውና ጋዝ ጭኖ ሲመለስ የሄደበት ነው። በቅሎ ጫኙን የት ተወልደህ አደግክ ብላችሁ ጠይቁት። ምናልባት ድንኳናችሁን የምትተክሉበት ሜዳ ላይ በእጁ ያሳያችሁ ይሆናል።