አነስተኛ የማደሪያ ተሳቢን ለመጀመሪያ የብቻ ጉዞ ማዘጋጀት፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጭሮና የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

መግቢያ

አልጋ፣ ምድጃና የውኃ ማጠራቀሚያ የተገጠመለትና በአነስተኛ መኪና የሚጎተት የማደሪያ ተሳቢ በአገራችን ገና ያልተለመደ ነው። ተሳቢ ራሱ ግን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚገባው ጭነት ብዙው የሚጓጓዘው በተሳቢ ነው። በእነዚህ የጭነት ተሽከርካሪዎች ላይ ከአሽከርካሪው ጎን ረዳት ይኖራል። ረዳቱ መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ይመራል፤ ዳገት ላይ ሲቆም ታኮ ያስገባል፤ ጎማ ይፈትሻል፤ የኋላ መብራት መሥራቱን ያያል፤ ሌሊት ንብረት ይጠብቃል።

ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይህ ረዳት የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው የብቻ ጉዞ ዝግጅት ማለት የረዳቱን ሥራ አንድ በአንድ ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ከመነሣት በፊት ምትክ ማዘጋጀት ነው። ይህ ጽሑፍ ከአዲስ አበባ በአዳማና በአዋሽ በኩል ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የሚወስደውን መንገድ በምሳሌነት በመያዝ፣ ተገልጋዮች ሊያሟሉ የሚገባቸውን ነጥቦች በቅደም ተከተል ያቀርባል።

1. መሟላት ያለባቸው ሰነዶች

ተሳቢ በሕግ ፊት እንደ ዕቃ አይቆጠርም፤ የራሱ ሰሌዳና ምዝገባ ያለው ተሽከርካሪ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ከጉዞ በፊት የሚከተሉት መሟላታቸው ይረጋገጥ።

ሀ) የጎታቹ መኪናም ሆነ የተሳቢው የባለቤትነት ደብተር (ሊብሬ) እና የዘመኑ የቴክኒክ ምርመራ ማረጋገጫ (ቦሎ)።

ለ) በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ሽፋን። የመድን ውሉ ተሳቢ እየጎተቱ የሚደርስ አደጋን የሚያካትት መሆኑን ከመድን ሰጪው በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል።

ሐ) የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ። ፈቃዱ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። በብዙ አገሮች ለአውቶሞቢል የተሰጠ ፈቃድ እስከ 750 ኪሎ ግራም የሚደርስ ቀላል ተሳቢ ለመጎተት ያስችላል። ይሁን እንጂ በሌላ አገር ልምድ ተመርኩዞ ከመንቀሳቀስ ይልቅ፣ የያዙት የፈቃድ ምድብ የሚጎትቱትን ተሳቢ የሚሸፍን መሆኑን ፈቃዱን የሰጠውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

በጋራዥ የተበየደ ወይም ከሌላ አገልግሎት የተቀየረ ተሳቢ ተመርምሮና ተመዝግቦ ሰሌዳ ሳያገኝ ወደ ዋና መንገድ ሊወጣ አይገባም።

2. ክብደትና አጫጫን

የመኪናው አምራች የፈቀደው የመጎተት አቅም ሊታለፍ የማይገባ ወሰን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታ በጨመረ መጠን ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከአቅሙ አንድ ዐሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ ለደጋ መንገድ ከተፈቀደው ክብደት ዝቅ ብሎ መጫን ይመረጣል።

የዕቃው አቀማመጥ ከክብደቱ ያላነሰ ትኩረት ይሻል። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በማያያዣው ላይ ማረፍ አለበት። ለምሳሌ 600 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ በማያያዣው ላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ግራም ሊያሳርፍ ይገባል። ይህንን ለማወቅ በማያያዣው አፍንጫ ሥር የሰው ክብደት መለኪያ ሚዛን ማስቀመጥና በመካከላቸው ጠንካራ ግንድ ማቆም ይቻላል። ከባድ ዕቃ በመሽከርከሪያው አናት ላይና ከእርሱ ትንሽ ወደ ፊት፣ በወለሉ ላይ ይቀመጥ። ኋላው የከበደ ተሳቢ በፍጥነት ጊዜ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም መሆኑም አይዘንጋ፤ 50 ሊትር የሚይዝ ጋን ሲሞላ የአንድ ሰው ያህል ክብደት ይጨምራል።

3. የማያያዣ፣ የጎማ፣ የፍሬንና የመብራት ፍተሻ

ማያያዣ፦ ከተቆለፈ በኋላ የተሳቢው አፍንጫ በክሪክ ወደ ላይ ሲገፋ አብሮ የመኪናውን ኋላ ማንሣት አለበት። ካላነሣ አልተቆለፈም ማለት ነው። የመጠባበቂያ ሰንሰለቶች በማያያዣው ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ። ማያያዣው ቢወልቅ የተሳቢው አፍንጫ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል፤ መሬት አይነካም።

ጎማ፦ ብዙ ጊዜ ቆሞ የሚከርም የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሰነጠቃል። በጎማው ጎን የታተመው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታል፤ 2319 ማለት በአውሮፓውያን 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ለቆላ ሙቀት አይታመንም። ነፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ማለዳ ነው። ለተሳቢው የራሱ ስኮርታ ጎማ ይያዝ፤ የመኪናው ስኮርታ ለተሳቢው ላይሆን ይችላልና። የጎማ ዳዶዎች ከመጀመሪያዎቹ 50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጥበቁ።

ኩሽኔታ፦ ግራሶው የደረቀ ኩሽኔታ በረጅም ጉዞ ይግላል። በየዕረፍቱ የእጅን ጀርባ ወደ መሽከርከሪያው እምብርት አስጠግቶ ሙቀቱን ማነጻጸር ይገባል። አንዱ ከሌላው በግልጽ ከጋለ ጉዞው ይቋረጥ።

ፍሬን፦ ቀላል ተሳቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ፍሬን የላቸውም። ሙሉው ሸክም የሚወድቀው በመኪናው ፍሬን ላይ ስለሆነ ከጉዞው በፊት ሸራውና የፍሬን ዘይቱ ይታዩ።

መብራት፦ ረዳት ሳይኖር የኋላ መብራትን ለመመርመር ምሽት ላይ ተሳቢውን ወደ ነጭ ግድግዳ አስጠግቶ ማቆምና ነጸብራቁን በስፖኪዮ መመልከት ይበቃል። ፍሬቻው በየተራ፣ የፍሬን መብራቱም ፔዳሉ ሲረገጥ ይታይ። ተንቀሳቃሽ ስልክን ከኋላ አቁሞ ቪዲዮ መቅረጽም ይቻላል።

4. የልምምድ ቀን

ከጉዞው አንድ ሳምንት አስቀድሞ በሰፊና ባዶ ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን ልምምድ እንዲደረግ ይመከራል። አጭር ተሳቢ ወደ ኋላ ሲሄድ ከረጅሙ ይልቅ በፍጥነት ይታጠፋል። እጅን በመሪው የታችኛው ክፍል ላይ ማሳረፍ ያግዛል፤ እጁ ወደ ሄደበት ተሳቢው ይከተላል። ማያያዝና መፍታትም ያለ ሰው እርዳታ ይደጋገም። ሲፈታ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፦ በመጀመሪያ በሁለቱም ጎማዎች ታኮ ይገባል፤ ቀጥሎ የመብራቱ ገመድና ሰንሰለቱ ይፈታሉ፤ በመጨረሻ ማያያዣው ይከፈታል። ታኮ ሳይገባ የተፈታ ተሳቢ ዳገት ላይ የሚያቆመው ነገር የለም።

በመጨረሻም ከቤት ሳይርቁ አንድ ሌሊት በተሳቢው ውስጥ ማደር ጠቃሚ ነው። የተረሳው ዕቃ የሚታወቀው ያን ሌሊት ነው።

5. የመንገዱ ጠባይ

ጭሮ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ ወደ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ርቀቱ በአንድ ቀን የሚጠናቀቅ ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳቢ ለሚጎትት ሰው በሁለት ቀን መክፈሉ ይመረጣል።

ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ባለው የፍጥነት መንገድ ላይ ያለ በቂ ምክንያት መቆም አደገኛ ስለሆነ ፍተሻው ከመግቢያው በፊት ይጠናቀቅ። ከአዳማ በመተሐራ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ ያለው መንገድ የጅቡቲ መስመር የጭነት ተሽከርካሪዎች የሚበዙበት ነው። ትልቅ ተሽከርካሪ በአጠገብ ሲያልፍ የአየር ግፊቱ ተሳቢውን ሊያወዛውዝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ፍሬን በድንገት መርገጥም ሆነ መሪን ማወዛወዝ አይገባም፤ መሪን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጁን ቀስ በቀስ መቀነስ ተሳቢውን ያረጋጋዋል።

አዋሽ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ ጅቡቲ ሲያመራ፣ ሌላው በአሰቦትና በሚኤሶ በኩል ወደ ጭሮ ይቀጥላል። በቆላው ክፍል ግመሎች፣ ከብቶችና ፍየሎች መንገድ ያቋርጣሉ። አንዲት ግመል ካለፈች ሌሎች ይከተላሉ ብሎ መቆም ተገቢ ነው። ከሚኤሶ በኋላ ወደ ጨርጨር ደጋ የሚወስደው ዳገት ይጀምራል። ከሩቅ የሚፈጥን የጭነት መኪና ሲመጣ በሰፊ ቦታ ጥግ ይዞ ማሳለፍ ከእልህ ይሻላል።

ዳገቱ የሚፈትነው ሞተርን ነው፤ ፍሬንን የሚፈትነው የመመለሻው ቁልቁለት ነው። ብዙ አሽከርካሪዎች ጉዞው ያለቀ መስሏቸው የሚዘናጉት በዚሁ ጊዜ ስለሆነ፣ ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ሲወረድ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ማስገባትና በሞተር ኃይል መያዝ ያስፈልጋል። የፍሬን ፔዳል ከለሰለሰ ወይም የመቃጠል ሽታ ከተሰማ ቆሞ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግዴታ ነው። በጋለ ፍሬን ላይ ውኃ አይፈስስም።

ከጭሮ ወደ ሂርናና ወደ ሐረር፣ በሌላ በኩልም ወደ በዴሳና ገለምሶ ለመቀጠል የሚያስቡ ተጓዦች መንገዱ ጠመዝማዛና በዝናብ ወራት ጭጋጋማ መሆኑን ከግምት ያስገቡ። ለደጋ አጋዘን ጥበቃ ወደተከለለው ቁኒ ሙክታር የሚሄዱም ተሳቢውን በጭሮ አስቀምጠው በመኪና ብቻ ቢሄዱ ይመረጣል። በቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል በዓል፣ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 አካባቢ፣ መንገዱ በምእመናን ተሽከርካሪዎች ስለሚጨናነቅ የመጀመሪያ ጉዞ በእነዚህ ቀናት ባይደረግ መልካም ነው።

6. የማደሪያ ቦታ

በሌሊት ማሽከርከርም ሆነ በመንገድ ዳር ማደር አይመከርም። በየቀኑ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ማደሪያ ቦታ ላይ መድረስ፣ ወደ ኋላ ማስገባቱንና ታኮ ማድረጉን በብርሃን ለመጨረስ ያስችላል።

ለመጀመሪያው ሌሊት በመተሐራና በአዋሽ መካከል የሚገኘው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በወንዙ ዳርቻ የድንኳን ማደሪያ ቦታዎች አሉት። የመግቢያ ክፍያና የጥበቃ ባለሙያ ጉዳይ በፓርኩ በር ይጠናቀቃል። በወንዙ ውስጥ አዞ ስለሚኖር ውኃ ለመቅዳትም ሆነ ለመታጠብ ወደ ዳርቻው መጠጋት ክልክል መሆኑን ማወቅ ያሻል። ዝንጀሮና ጅብ በምግብ ሽታ ስለሚሳቡ የተረፈ ምግብ ከውጭ አይተው።

በጭሮና በሌሎቹ ከተሞች አጥርና ዘበኛ ያለው የሆቴል ግቢ በክፍያ መጠየቅ የተሻለ አማራጭ ነው። በገጠር ቀበሌ ለማደር የግድ ከሆነ የባለ ይዞታውንና የቀበሌውን አስተዳደር ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት ይገባል። የአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ ኦሮምኛ በመሆኑ ቋንቋውን የማይችል ተጓዥ አስተርጓሚ ሊሆነው የሚችል ሰው ስልክ ቢይዝ ይጠቅመዋል። ከመነሣት በፊት ስለ መንገዱ የጸጥታ ሁኔታ በየደረጃው ያለውን ፖሊስ መጠየቅ የዝግጅቱ አካል ነው።

7. እሳት፣ ውኃና ጤና

የአዋሽ አካባቢ ሞቃት ሲሆን፣ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘው ጭሮ ግን ሌሊት ትቀዘቅዛለች። ብርዱን ለመከላከል ከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ በተዘጋ ተሳቢ ውስጥ ማቀጣጠል ለሞት ይዳርጋል። ከእሳቱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ብቻውን የተኛን ሰው ደግሞ ማንም ደርሶ አያወጣውም። ምግብ ከውጭ ይበሰል፤ ከመኝታ በፊት የጋዝ ሲሊንደሩ ይዘጋ፤ ለብርዱ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይያዝ። በጉዞ ላይ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይታሰር።

ለመጠጥ በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ውኃ ይያዝ፤ ከዚህም የተወሰነው ከተሳቢው ይልቅ በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ። የቆላው ክፍል የወባ ስርጭት ያለበት ስለሆነ፣ በተለይ ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት አጎበር አይረሳ። ከጉዞው በኋላ ትኩሳት የተሰማው ሰው ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መሄድና የተጓዘበትን ቦታ መናገር አለበት።

8. ግንኙነትና ብልሽት

የጉዞው ዕቅድ፣ የሁለቱም ሰሌዳ ቁጥርና የማደሪያ ቦታዎቹ ስም ለአንድ የቅርብ ሰው በጽሑፍ ይሰጥ። በየቀኑ የሚደወልበት ሰዓት ይወሰን፤ ጥሪው ቢዘገይ ያ ሰው ለማን እንደሚያሳውቅ አስቀድሞ ይስማሙ። የነዳጅ ክፍያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዲጂታል መንገድ የሚፈጸም ስለሆነ ባትሪው የሞተ ስልክ ጉዞ ያቋርጣል፤ ተጨማሪ የስልክ ኃይል መሙያ ይያዝ። ነዳጅም ግማሽ ላይ ሲደርስ ይሞላ።

ብልሽት ሲያጋጥም ከመንገዱ ጠርዝ መውጣት፣ ታኮ ማስገባትና የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑን በርቀት ማስቀመጥ ይቀድማል። ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ይቻላል።

9. በመነሻው ዋዜማ የሚታይ ዝርዝር

• የሁለቱም ተሽከርካሪዎች ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የመድን ማረጋገጫና የመንጃ ፈቃድ
• ማያያዣ፣ ሰንሰለት፣ የመብራት ገመድ
• ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ የዳዶ መፍቻ፣ የነፋስ መለኪያ
• ቢያንስ አራት ታኮ፣ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን
• የመጠጥ ውኃ፣ አጎበር፣ ብርድ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ
• ዕቅዱን የያዘው ሰው ስልክና የመደወያ ሰዓት

ከዝርዝሩ አንዱ እንኳ ካልተሟላ ጉዞውን በአንድ ቀን ማዘግየት ይገባል። ረዳት ያለው አሽከርካሪ በመንገድ ላይ የረሳውን የሚያስታውሰው ሰው አለው፤ ብቻውን የሚጓዝ ግን ማስታወሻው ይህ ዝርዝር ብቻ ነው።