መነቃቃትና ምድሩ፦ የኖርዝሃምፕተን ከተማ ታሪክ

የጆናታን ኤድዋርድስን ስም በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትምህርት ሳይሰሙ አይቀሩም። ስሙ ሲነሣ ስብከቱና ነገረ መለኮቱ ይወሳሉ፤ 23 ዓመት ያገለገለባት ከተማ ግን እምብዛም አትጠቀስም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ያችን ከተማ፣ ኖርዝሃምፕተንን፣ እንመለከታለን። መነቃቃት ከእግዚአብሔር እንደሆነ እናምናለን፤ የሚመጣው ግን ወንዝ፣ እርሻ፣ ፍርድ ቤትና ጎረቤት ወዳለበት ስፍራ ነው። ስፍራውን ካላወቅን ታሪኩን በግማሽ እናነባለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኖርዝሃምፕተን በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮነቲከት ወንዝ ምዕራብ ዳርቻ ትገኛለች። ወንዙ ሲሞላ ደለል የሚያለብሰው ሜዳ ለም ነው። ስፍራው የኖኖታክ ሕዝብ ምድር ነበር፤ እንግሊዛውያን መሬቱን ተዋውለው በ1654 ሰፈሩበት። በ1662 ሃምፕሺር ካውንቲ ሲቋቋም (ካውንቲ በእኛ አውራጃ እንደማለት ነው) ፍርድ ቤቱ በስፕሪንግፊልድና በኖርዝሃምፕተን እየተፈራረቀ ይቀመጥ ጀመር። ስለዚህ ከተማዋ ትንሽ ብትሆንም ባለጉዳይ፣ ዳኛና ነጋዴ ከየአካባቢው የሚመጣባት ነበረች።

ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አንደኛው የአሰፋፈሩ መልክ ነው። ገበሬው የሚኖረው በእርሻው መካከል አልነበረም፤ ቤቶቹ ተጠጋግተው ተሠርተው እርሻው በሜዳው ላይ ነበር። ኤድዋርድስ ራሱ ስለ መነቃቃቱ በጻፈውና በ1737 ለንደን ላይ በታተመው መጽሐፉ፣ ወደ 200 የሚሆኑ ቤተሰቦች በአካባቢው ካሉት ከተሞች ይልቅ ተቀራርበው እንደሚኖሩ ይገልጻል። ሁለተኛው የመሬት ጥበት ነው። ለሙ ሜዳ ቀድሞ ተከፋፍሎ ስላለቀ፣ በ1730ዎቹ ብዙ ወጣቶች ርስት እየጠበቁ፣ ጋብቻ እያዘገዩ በወላጆቻቸው ቤት ይኖሩ ነበር። መነቃቃቱ በመጀመሪያ የነካው እነዚህን ወጣቶች ነው።

በ1734 የአንድ ወጣት ድንገተኛ ሞት ብዙዎችን አስደነገጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በጨዋታ ወዳድነቷ የምትታወቅ አንዲት ወጣት ወደ ጌታ ተመለሰች፤ ወሬውም ወዲያው ከተማውን አዳረሰ። በግማሽ ዓመት ውስጥ ከ300 በላይ ሰዎች ድነትን እንዳገኙ ኤድዋርድስ ተስፋ አደረገ። ለጥየቃም ለጉዳይም የመጡ እንግዶች የተቀበሉትን ይዘው ተመለሱ፤ እሳቱም ወንዙን ተከትሎ ከተማ ከከተማ ተያያዘ። የቤቶቹ መጠጋጋትና የመንገደኛው ብዛት ለወንጌል መንገድ ሆኑለት።

ነገር ግን በዚያው መንገድ ሌላም ነገር ተጓዘ። በሰኔ 1735 የኤድዋርድስ አክስት ባል የነበረው ነጋዴ ጆሴፍ ሃውሊ በነፍሱ ጭንቀት ራሱን አጠፋ፤ ድንጋጤው ከተማውን ሁሉ ነካ፣ መነቃቃቱም ቀዘቀዘ። በ1737 አዲስ የጸሎት ቤት ሲሠራ መቀመጫ የተደለደለው በዋነኛነት በሀብት መጠን ነበር። በ1744 ወጣት ወንዶች የአዋላጆችን መጽሐፍ እያነበቡ በሴቶች ላይ ይሣለቃሉ ተባለ፤ ኤድዋርድስም ተከሳሹን ከምስክሩ ሳይለይ የስም ዝርዝር በጉባኤ ፊት አነበበ። ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ይህ ትንሽ ስህተት አልነበረም።

የመጨረሻው ክርክር የጌታ እራትን የሚመለከት ነበር። የእናቱ አባት ሰለሞን ስቶዳርድ 60 ዓመት ገደማ ባገለገለባቸው ጊዜያት ማዕዱን ሰፋ አድርጎ ከፍቶ ነበር፤ ኤድዋርድስ የእምነት ምስክርነት ይቅደም አለ። በሰኔ 1750 ከ200 በላይ አባላት እንዲሰናበት ድምፅ ሰጡ፤ የደገፉት 23 ብቻ ነበሩ። ከተቃዋሚዎቹ መሪዎች አንዱ የዚያው የሟቹ ነጋዴ ልጅ፣ የሕግ ባለሙያው ጆሴፍ ሃውሊ ነበር። እርሱም ከአሥር ዓመት በኋላ ጥፋቱን የሚናዘዝበትን ደብዳቤ በቦስተን ጋዜጣ አወጣ። ኤድዋርድስ ግን በ1758 አርፎ ነበር።

የኤድዋርድስም ነውር ሊሸፈን አይገባም። በ1731 ቬነስ የተባለች አፍሪካዊት ልጃገረድ በገንዘብ ገዝቷል። ኃጢአትን ጠልቆ የመረመረው ሰው፣ ከተማውም ዘመኑም እንደ ተራ ነገር የተቀበሉትን ይህን በደል በገዛ ቤቱ ፈጸመ።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? የአጥቢያችንን ታሪክ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የሰባኪዎችን ስምና የተጠመቁትን ቁጥር እንመዘግባለን። እርስዎ ግን ይህንንም ይጠይቁ፦ ሰዎቹ የት ይኖሩ ነበር? መሬቱን ማን ያዘ? ወጣቶቹ ምን ይጠብቁ ነበር? ከፊት የተቀመጠው ማን ነው? ስሙ ያልተነሣውስ ማን ነው? ይህን መጠየቅ የእግዚአብሔርን ሥራ ማሳነስ አይደለም። ጳውሎስ ተከለ፣ አጵሎስ አጠጣ፣ ያሳደገው እግዚአብሔር ነው ስንል፣ ተክሉ የበቀለበት አፈር እንዳለም እየመሰከርን ነው። ኖርዝሃምፕተን የምታስተምረን ምሥራቹን በአንድ ሳምንት ያዳረሰ ጉርብትና ቂምንም በአንድ ሳምንት ሊያዳርስ እንደሚችል ነው። መነቃቃትን የሚለምን አገልጋይ ጉርብትናውንም ተግቶ ሊጠብቅ ይገባዋል።