ዐይንን የሚያዞሩት ሦስቱ ነርቮች

አንባቢ ከአንድ መስመር ወደ ቀጣዩ ሲወርድ፣ ከአንጎል ግንድ የሚነሡ ሦስት ጥንድ ነርቮች ዐይኑን ያዞሩለታል። እነሱም ከ12ቱ ጥንድ የራስ ነርቮች ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ናቸው። እነሱን ለይቶ ለማወቅ ግን ከሺህ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

በሁለተኛው ምዕተ ዓመት የጴርጋሞኑ ሐኪም ጋሌን የራስ ነርቮችን ሰባት ጥንድ ብሎ ቆጠረ። ዐይን የሚያንቀሳቅሰውን ዋናውን ነርቭ በሚገባ ያውቀዋል፤ አራተኛውን ግን ለብቻው አልለየውም። ይቀድድ የነበረው የጦጣና የበሬ ሬሳ ስለነበር፣ በእንስሳት ዘንድ ዐይንን ወደ ኋላ የሚስበውን ጡንቻ ለሰውም ሰጠው። በዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ ባግዳድ ላይ የጋሌንን መጻሕፍት ሲተረጉም ትምህርቱ ከነስሕተቱ ተሻገረ። የሰው ሬሳ በገዛ እጁ የቀደደው ቬሳሊየስ እንኳ፣ በ1543 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ያንኑ ጡንቻ በሰው ዐይን ላይ ሣለው። የመምህር ስም ከዐይን ምስክርነት በልጦ መገኘቱ ያሳዝናል።

ስሕተቱን ያቀናው የፓዱዋው ገብርኤል ፋሎፒዮ ነው። በ1561 ባወጣው መጽሐፉ ያ ጡንቻ በሰው ላይ እንደሌለ አስታወቀ፤ አራተኛውንም ነርቭ ለይቶ ጻፈ። ይህ ነርቭ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ከ12ቱ ጥንድ መካከል ከአንጎል ግንድ በስተጀርባ የሚወጣውም እሱ ብቻ ነው። የሚያዝዘው አንድ ጡንቻ ነው። ጡንቻው ከዐይን ጉድጓድ ጥልቅ ተነሥቶ ወደ ፊት ይመጣል፤ በአፍንጫ በኩል ባለች ትንሽ የልም አጥንት ቀለበት ውስጥ ይሾልክና ተመልሶ የዐይን ኳስ አናት ላይ ይጣበቃል። ፋሎፒዮ ይህንንም መዘውር ገልጾታል። ነርቩ የተጎዳበት ሰው ደረጃ ሲወርድ አንዱ እርከን ሁለት ሆኖ ይታየዋል፤ ራሱንም ወደ ጤናማው ዐይን በኩል ያዘነብላል።

ከዚያ ወዲህ እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ በ1664 ዘጠኝ ጥንድ ቆጠረ። ዛሬ የምንማረውን 12 ያቆመው ጀርመናዊው ሶመሪንግ ነው፤ በ1778፣ ገና በ23 ዓመቱ።

ከሦስቱ ነርቮች ስድስተኛው ዐይንን ወደ ውጭ ያዞራል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሲጨምር በቀላሉ ይጎዳል። ሦስተኛው የቀሩትን አራት ጡንቻዎች ያዝዛል፤ የዐይን ቆብን ያነሣል፣ ብሌንንም ያጠብባል። አጠገቡ ያለ የደም ሥር አብጦ ሲጫነው ቆቡ ይወድቃል፣ ብሌኑ ይሰፋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ድንገት ከባድ ራስ ምታት መጥቶ አንዱ ቆብ ከወደቀ ወይም ነገሩ ሁሉ ሁለት ሆኖ ከታየ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።