ውሻችሁ ራሱን እያከከ ቆሰለ? ቤት ውስጥ የሚደረገውና ፈጽሞ የማይደረገው

ውሻው ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል። ጠዋት ስታዩት ጭራው ሥር ያለው ፀጉር ረግፏል፣ ቆዳው ቀልቷል፣ መሃሉ ላይ እርጥብ ቁስል ወጥቷል። ጎረቤት «ላምባ ቀባው፣ ይለቀዋል» ይላል። ሌላው «የከብት መርፌ አለ፣ እሱን ውጋው» ይላል። ሁለቱም በቅንነት ነው። ግን ሁለቱም ምክሮች ውሻውን ሊገድሉት ይችላሉ።

ዛሬ ቤት ውስጥ ባለ ነገር ምን ማድረግ እንደምትችሉ፣ የት ላይ ደግሞ ማቆም እንዳለባችሁ እናያለን።

መጀመሪያ ይሄን እንያዝ። ቁስሉ ብዙ ጊዜ ራሱ በሽታው አይደለም። የሚያሳክክ ነገር አለ፤ ውሻው ያካል፣ ይነክሳል፣ ይልሳል፤ ቆዳው ይላጣል፤ በተላጠው በኩል ባክቴሪያ ይገባል፤ ያ ደግሞ የበለጠ ያሳክካል። ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው፦ ቁስሉን ማጽዳትና የሚያሳክከውን ማግኘት። አንዱን ብቻ ካደረጋችሁ በሳምንቱ እዛው ናችሁ።

🔎 ምንድን ነው የሚያሳክከው?

የቁስሉ ቦታ ብዙ ይናገራል።

▪️ ቁንጫ፦ ጭራ ሥር፣ ወገብና የኋላ ታፋ ላይ ይበዛል። ለማረጋገጥ ውሻውን በቀጭን ማበጠሪያ አበጥሩትና የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አራግፉት። ብናኙ ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተሰራጨ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙ ቁንጫው የጠጣው ደም ነው። አንዳንድ ውሻ ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ስላለው ጥቂት ንክሻ ብቻ ይበቃዋል።

▪️ እከክ፦ የጆሮ ጠርዝ፣ ክርንና ሆድ ላይ ይጀምራል። ማሳከኩ ከባድ ነው፣ እንቅልፍ አያስተኛም። ወደ ሌላ ውሻም ይተላለፋል።

▪️ ዲሞዴክስ፦ ሌላ ዓይነት እከክ ነው። ቡችሎችና ወጣት ውሾች ላይ በዓይንና በአፍ ዙሪያ፣ በፊት እግር ላይ ፀጉር ያረግፋል። መጀመሪያ ላይ ያን ያህል አያሳክክም።

▪️ ጭርት፦ ክብ ክብ ሆኖ ፀጉር ይረግፋል፣ ቅርፊት ይሠራል። ፈንገስ ስለሆነ ሰውም ይይዘዋል።

▪️ ድንገተኛ እርጥብ ቁስል፦ ፀጉረ ብዙ ውሾች ላይ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል። ትናንት ያልነበረ ቁስል ዛሬ የመዳፍ ያህል ይሆናል።

▪️ ሰንሰለት፦ ውሻው ታስሮ የሚውል ከሆነ አንገቱን ፈትሹ። እርጥብ ማሰሪያ ሥር የተሸፈነ ቁስል ሳይታይ ብዙ ሊቆይ ይችላል። ቁስል ካለ ማሰሪያውን አውልቁ፣ እስኪድን በሩን ዘግታችሁ ግቢ ውስጥ ልቀቁት።

🧼 አሁን ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1. ራሳችሁን ጠብቁ። ጓንት አድርጉ። ጓንት ከሌለ ንጹህ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። ሁለት ሰው ብትሆኑ ይሻላል። የሚያመው ውሻ የዋህም ቢሆን ሊነክስ ይችላል።

2. ፀጉሩን ቀንሱ። በቁስሉ ዙሪያ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በማሽን ወይም ጫፉ ደፍን በሆነ መቀስ ቁረጡ። አየር የማያገኝ ቁስል አይደርቅም።

3. እጠቡት። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። በንጹህ ጎዝ እያራሳችሁ ቅርፊቱንና ፈሳሹን ቀስ ብላችሁ አንሱ፤ አትፈትጉ። ፋርማሲ የሚሸጠው ፖቪዶን አዮዲንም ይሆናል፤ ግን እንዳለ አይደፋም። ቀለሙ የቀጠነ ሻይ እስኪመስል ድረስ በውሃ አቅጥኑት። ጥጥ አትጠቀሙ፣ ቁስሉ ላይ ይቀራል።

4. አድርቁት። በንጹህ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁና ክፍት ተዉት። እርጥብ ቁስልን በፋሻ መጠቅለል ማሞቅ ነው፣ የባሰ ይስፋፋል።

5. እንዳይልስ ከልክሉት። «ውሻ ቁስሉን ልሶ ያድናል» የሚባለውን እርሱት። ምላሱ ቆዳውን ይልጣል፣ የአፉ ባክቴሪያም ይገባል። ከካርቶን ሾጣጣ ሠርታችሁ አንገቱ ላይ አድርጉ፤ ጠርዙ ከአፍንጫው ትንሽ ይለፍ፣ በአንገቱና በካርቶኑ መካከል 2 ጣት ይግባ፣ ውሃም መጠጣት ይቻል። ቁስሉ ጀርባ ወይም ጎን ላይ ከሆነ አሮጌ ቲሸርት ማልበስም ይሠራል።

ይሄን በቀን 2 ጊዜ አድርጉ። በ2 ወይም በ3 ቀን ቁስሉ መድረቅና መጥበብ አለበት።

መዥገር ካገኛችሁ በወረንጦ ቆዳው ሥር ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ክብሪት አይለኮስበትም፣ ቅባት አይደፋበትም፣ በጣትም አይፈረጥም።

🏠 ቁንጫው ቤት ውስጥም አለ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ውሻው ላይ የምታዩት ቁንጫ ትንሹ ክፍል ነው። እንቁላሉ ከፀጉሩ ላይ ይረግፍና በመኝታው፣ በምንጣፉ፣ በወለል ስንጥቅ ውስጥ ያድጋል። ሙሽሬው ሽፋኑ ውስጥ ሆኖ ለወራት መቆየት ይችላል። ውሻውን ብቻ አጥባችሁ ወደዛው ጨርቅ ከመለሳችሁት በቃ፣ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ስለዚህ የሚተኛበትን ጨርቅ በየሳምንቱ በጣም በሞቀ ውሃ እጠቡና ጸሐይ ላይ አስጡ። ማደሪያውን ጥረጉ፣ የጠረጋችሁትን ከግቢ አርቃችሁ ጣሉ። ቢያንስ ለ2 ወር ሳታቋርጡ ቀጥሉ። የቁንጫ መድኃኒቱን ደግሞ የእንስሳት ሐኪም በውሻው ክብደት ልክ ይስጣችሁ። ቤት ውስጥ ድመት ካለ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ይገድላል።

⛔ እነዚህን በፍጹም!

❌ ላምባ፣ ቤንዚን፣ የተቃጠለ ዘይት፦ ቆዳውን ያቃጥላል። ውሻው ሲልሰው ሆዱ ይገባል፣ ሳንባውም ሊደርስ ይችላል።

❌ ማላታይን፣ ዲያዚኖንና ሌላ የሰብል ወይም የከብት ፀረ ተባይ፦ በቆዳ በኩል ገብቶ ይመርዛል። ቀድሞ ከተቀባና ውሻው ምራቅ ካዝረበረበ፣ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ ጓንት አድርጋችሁ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡትና ወደ ሐኪም ሩጡ።

❌ የከብት አይቨርሜክቲን በግምት፦ መድኃኒቱ ራሱ ውሻ ላይም ይሠራል፤ ችግሩ መጠኑ ነው። ለከብት የተዘጋጀው ለውሻ በጣም የበዛ ነው። ኮሊና አንዳንድ ጀርመን ሼፐርድ ደግሞ በዘር መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው ያልፋል። የሼፐርድ ድቅል ያላችሁ ልብ በሉ።

❌ ፌጦና ሎሚ፣ በረኪና፣ አልኮል፦ የተላጠ ቆዳ ላይ እሳት ነው። ነጭ ሽንኩርት ማብላትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል።

❌ የሰው ማስታገሻ፦ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራውንና ኩላሊቱን፣ ፓራሲታሞል ጉበቱንና ደሙን ይጎዳሉ።

❌ የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈልቅቆ መነስነስ፦ ላይ ላዩን ያደርቃል፣ መግሉን ግን ከሥር ይዘጋበታል።

❌ የሰው ቅባት፦ ዚንክ ያለበት ሲላስ መርዝ ነው። ስቴሮይድ ያለበት ደግሞ ጭርትንና ዲሞዴክስን ያባብሳል።

🚨 መቼ ነው ቤት ውስጥ የማይሆነው?

▪️ ቁስሉ ከመዳፍ ከሰፋ፣ መግል ከያዘ ወይም ከሸተተ
▪️ ትል ከታየበት
▪️ ውሻው መብላት ካቆመ ወይም ከደከመ
▪️ ቡችላ ወይም እርጉዝ ከሆነች
▪️ በ3 ቀን ካልተሻለው
▪️ የቤት ሰው፣ በተለይ ልጆች፣ አብረው ማከክ ከጀመሩ

እከክ፣ ጭርትና ዲሞዴክስ መሆናቸው የሚለየው ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ወይም በሌላ ምርመራ ሲታይ ነው። በአቅራቢያችሁ ያለ የእንስሳት ክሊኒክ ሂዱ። ቢሾፍቱ አካባቢ ያላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ እዛው ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። ከመሄዳችሁ በፊት ቁስሉን በስልካችሁ በየቀኑ ፎቶ አንሱ፣ የቀባችሁትንም አትደብቁ። ሐኪሙን በጣም ይረዳዋል።

⚠️ የመጨረሻውና ትልቁ፦ የእብድ ውሻ በሽታ

ቁስሉ ከማታውቁት ውሻ ጋር ተናክሶ የመጣ ከሆነና ውሻችሁ ካልተከተበ በባዶ እጅ አትንኩት። የተነከሰበትን ቦታ ያለ ማቋረጥ መንከስና ማከክ አንዱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ጠባዩ ድንገት ከተቀየረ፣ ምራቁ ከተዝረበረበ ወይም መዋጥ ካቃተው «ልከመው» ብላችሁ አትቅረቡ፤ ለብቻው ዘግታችሁ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ።

እናንተን ከነከሰ ወይም ምራቁ የተላጠ ቆዳችሁን ከነካ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። «እናያለን» አይባልም። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ውሻችሁንም ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ አስከትቡ፣ በየዓመቱ አሳድሱ።

ግቢው ውስጥ ውሻ ላለው ወዳጃችሁ ላኩለት። ላምባውን ከማንሳቱ በፊት ይድረሰው።