የልብ ዲፊብሪሌተር የተተከለላቸው ታካሚዎች የርቀት ክትትል

በደረት ቆዳ ሥር የሚተከለው ዲፊብሪሌተር የልብን ምት ሌትና ቀን የሚከታተል፣ ለሕይወት የሚያሰጋ የምት መዛባት ሲያጋጥመውም በኤሌክትሪክ ንዝረት ልብን ወደ ትክክለኛ ምቱ የሚመልስ አነስተኛ መሣሪያ ነው። መሣሪያው የሚመዘግበው መረጃ ታካሚው ቤቱ እንዳለ ለሆስፒታሉ የመሣሪያ ክትትል ክሊኒክ የሚደርስበት አሠራር የርቀት ክትትል ይባላል።

የዲፊብሪሌተሩ አሳብ የተጠነሰሰው በእስራኤል ነው። የልብ ሐኪሙ ዶክተር ሚሼል ሚሮቭስኪ በአገሪቱ ይሠሩ በነበረበት ጊዜ መምህራቸው ፕሮፌሰር ሃሪ ሄለር በተደጋጋሚ የልብ ምት መዛባት ታመው እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. አረፉ። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ዕድሜ ልኩን ሆስፒታል ማስተኛት አይቻልምና፣ ሚሮቭስኪ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ይዞት የሚሄድ መሣሪያ ለመሥራት ተነሡ። የመጀመሪያው መሣሪያ በባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በፌብሩዋሪ 1980 ተተከለ።

አሠራሩ

ለታካሚው ከአልጋው አጠገብ የሚቀመጥ ማስተላለፊያ መሣሪያ ይሰጠዋል፤ በአንዳንድ አዳዲስ ዓይነቶች ሥራውን በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ ያከናውነዋል። ታካሚው በሚተኛበት ሰዓት ማስተላለፊያው ከዲፊብሪሌተሩ ጋር በሬዲዮ ሞገድ ይገናኛል፣ መረጃውን ይቀበላል፣ ከዚያም በተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ ይልከዋል። በአብዛኞቹ ዘመናዊ መሣሪያዎች ይህ ሁሉ የሚሆነው ያለ ታካሚው ንክኪ ስለሆነ፣ ሰንበትን የሚያከብር ሰው በዚያ ሌሊት የሚጫነው ቁልፍ የለም። የቆዩ መሣሪያዎች ግን ታካሚው ራሱ ማስተላለፊያውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ እንዲልክ ይጠይቃሉ። የትኛው ዓይነት እንደተሰጠ ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት መጠየቅ ይገባል።

የሚላከው መረጃ የባትሪውን አቅም፣ ወደ ልብ የሚገባውን ሽቦ ደኅንነት፣ የተመዘገቡ የምት መዛባቶችን እና የተሰጠ ንዝረት ካለ እርሱን ያጠቃልላል። ከእነዚህ ሁሉ የሽቦው ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይሻል። የተሰነጠቀ ሽቦ የሚፈጥረውን የሐሰት ምልክት መሣሪያው እንደ አደገኛ ምት ሊቆጥረውና ምንም ሕመም ያልተሰማውን ሰው በነቃ አእምሮው ደጋግሞ ሊያነዝረው ይችላል። የርቀት ክትትል እንዲህ ያለውን ብልሽት ታካሚው ከመጎዳቱ በፊት ለማግኘት ዕድል ይሰጣል። በላይኛው የልብ ክፍል የሚነሣና ታካሚው ሳይሰማው ለስትሮክ ሊያጋልጠው የሚችል የምት መዛባትም በዚሁ መንገድ ይታወቃል።

በእስራኤል፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ በሚገኙ 36 የሕክምና ማዕከላት የተካሄደውና ውጤቱ በ2014 የታተመው ኢን-ታይም የተባለ ጥናት 664 የልብ ድካም ታካሚዎችን በሁለት ከፍሎ ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ዕለታዊ የርቀት ክትትል ከነበራቸው 333 ታካሚዎች መካከል 10፣ ከቀሩት 331 መካከል ደግሞ 27 ሞተዋል። ሆኖም ለዚህ ውጤት መረጃው መላኩ ብቻ በቂ አይደለም። በክሊኒኩ መረጃውን የሚያየው ባለሙያ፣ ስልክ ተደውሎለት የሚያነሣው ታካሚም የአሠራሩ አካላት ናቸው።

የርቀት ክትትል ያልሆነው

ማስተላለፊያው የአምቡላንስ ጥሪ አይደለም። የሚላከውን መረጃ የክሊኒኩ ባለሙያዎች የሚመለከቱት በሥራ ሰዓት ነው፤ ሌሊት ወይም በበዓል ቀን የተላከ ማስጠንቀቂያ እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ንዝረት የተሰማውና ከዚያ በኋላ ደኅና የሆነ ታካሚ ክሊኒኩን በቶሎ ያነጋግራል። ሁለትና ከዚያ በላይ ንዝረት በተከታታይ የደረሰበት፣ ወይም ከአንድ ንዝረት በኋላም ቢሆን የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ያጋጠመው ሰው ማንንም ሳይጠብቅ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በስልክ ቁጥር 101 መደወል አለበት። ታካሚው በሚነዘርበት ጊዜ የሚነካው የቤተሰብ አባል አይጎዳም፤ ቢበዛ መለስተኛ መንዘር ይሰማዋል።

የርቀት ክትትል ታካሚውን በአካል ከመቅረብም ሙሉ በሙሉ አያሰናብተውም። ከተከላው በኋላ ባሉት ከ2 እስከ 12 ሳምንታት ውስጥ በአካል ምርመራ ይደረጋል፤ ቀጣዩን የጊዜ ልዩነት ሐኪሙ ይወስናል።

በቤት ውስጥና በጉዞ

በአገልግሎቱ ላይ ከሚታዩት መቋረጦች ብዙዎቹ ቀላል ምክንያት አላቸው፦ ማስተላለፊያው ከሶኬት ተነቅሏል፣ ወደ ሌላ ክፍል ተወስዷል፣ ወይም ታካሚው መኖሪያውን ወይም የስልክ ቁጥሩን ለውጦ ለክሊኒኩ አላሳወቀም። ቤት ያጸዱ ልጆችና እንግዶች ማስተላለፊያውን እንዳይነቅሉት አስቀድሞ መንገር ይጠቅማል። ተንቀሳቃሽ ስልክ ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ በደረት ኪስ መያዝ አይገባም።

ወደ ኢትዮጵያ ወይም ወደ ሌላ አገር የሚጓዝ ታካሚ ማስተላለፊያው በሚሄድበት አገር የስልክ መረብ መሥራት አለመሥራቱን ከጉዞው በፊት ክሊኒኩን ይጠይቅ። ባትሪው ሊያልቅ መቃረቡ ከተነገረው ረጅም ጉዞ ከማቀዱ በፊት ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል፤ መሣሪያው የመለወጫ ጊዜው መድረሱን ካመለከተ በኋላ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ያህል ብቻ ነውና። የመሣሪያውን መታወቂያ ካርድ ዘወትር መያዝ፣ በአውሮፕላን ማረፊያም ለጠባቂዎች ማሳየት ያስፈልጋል።

ፈቃድ፣ ክፍያና ቋንቋ

በርቀት ክትትል ለመታቀፍ የታካሚው ፈቃድ ይጠየቃል። በ1996 የወጣው የታካሚ መብቶች ሕግ ታካሚው ስለ ሕክምናው በሚገባው መንገድ እንዲብራራለትና የሕክምና ምስጢሩ እንዲጠበቅለት ያዛል። ስለዚህ መረጃው የት እንደሚከማች፣ ማን እንደሚያየው ጠይቆ መረዳት መብቱ ነው። በሆስፒታል ክሊኒክ ለሚደረግ ምርመራ የጤና ፈንዱ የክፍያ ማረጋገጫ፣ ማለትም ቅጽ 17 (ቶፌስ ሽቫ ኤስሬ)፣ ሊያስፈልግ ስለሚችል ከቀጠሮው በፊት በኩፓት ሖሊም ቅርንጫፍ ማጣራት ተገቢ ነው።

ከክሊኒኩ የሚመጣው ስልክ በአብዛኛው በዕብራይስጥ ነው። ዕብራይስጥ የማይናገር አረጋዊ የደወለለትን ሰው ሳይረዳው ስልኩን ሊዘጋ ይችላል፤ ያ ስልክ ግን የተሰነጠቀ ሽቦ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ታካሚው በምዝገባ ጊዜ አማርኛ ተናጋሪ መሆኑን በመዝገቡ ላይ ማስጻፍ፣ አስተርጓሚ መጠየቅ፣ ለመደወልም ፈቃድ የሰጠውን የአንድ አዋቂ ዘመድ ስልክ ቁጥር መተው ይችላል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ የልጅ ልጅ የሕክምና ጉዳይ እንዲያስተረጉም ማድረግ አይመከርም።