ማሽላን ከግሪሳ ወፍ ለመጠበቅ ማስፈራርቾን በቤት ቁሳቁስ መሥራት

በአዳማ ዙሪያና በስምጥ ሸለቆ ቆላማ ወረዳዎች ማሽላ ወተት በሚይዝበት ወቅት የግሪሳ ወፍ የአርሶ አደሩን የዓመት ልፋት በጥቂት ቀናት ሊያሳጣው ይችላል። አንድ ግሪሳ በቀን እስከ 10 ግራም እህል ይመገባል። አንድ ሚሊዮን ወፍ ያለው መንጋ በአንድ ቀን 100 ኩንታል ያህል ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው።

ወቅቱ ትምህርት ቤት ከሚከፈትበት ጊዜ ጋር ስለሚገጥም፣ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የሚውል ልጅ ከትምህርት ገበታው ይቀራል። በሚገባ የተሠራ ማስፈራርቾ ጠባቂን ሙሉ በሙሉ ባይተካም ድካሙን ያቀልላል፤ ወጪውም እጅግ አነስተኛ ነው።

የሚያስፈልጉ ቁሳቁሶች

ሁለት ሜትር ተኩል ቋሚ እንጨት፣ አንድ ሜትር ተኩል አግዳሚ፣ ያረጀ ሸሚዝና ኮፍያ፣ ጭድ፣ አሮጌ ጆንያ፣ ባዶ ጣሳዎች፣ ጠጠር፣ ገመድ፣ እንዲሁም የማይሠራ ሲዲ ወይም የካሴት ክር ይበቃሉ። ጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ግን መጠቀም አይገባም።

አሠራሩ

አግዳሚው ከቋሚው ጋር በመስቀል ቅርጽ በገመድ ይታሰራል። ሸሚዙ ይለብስና ጭድ ይሞላል፤ ጭድ የተሞላው ጆንያ ጭንቅላት ይሆናል። እጅጌዎቹ ነፋስ እንዲያወዛውዛቸው ልል መሆን አለባቸው። ጠጠር የያዙ ጣሳዎችና ሲዲዎች በአግዳሚው ጫፍ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ጣሳዎቹ በድምፅ፣ ሲዲዎቹ በብልጭታ ወፉን ያስደነግጣሉ። የካሴት ክር በማሳው ላይ ጠምዘዝ ተደርጎ ሲወጠር በነፋስ ይጮኻል። ቋሚው እንዳይወድቅ ግማሽ ሜትር ያህል ይቀበራል።

አተካከሉ

ወፎች የማይንቀሳቀስን ነገር ቶሎ ይለምዳሉ። ስለዚህ ማስፈራርቾውን አስቀድሞ ከማቆም ይልቅ ማሽላው ወተት መያዝ ሲጀምር መትከል፣ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ቦታውን መቀየር፣ ልብሱንም መለወጥ ይመከራል። ወፎቹ በብዛት የሚመገቡት በማለዳና ወደ ማምሻው በመሆኑ፣ የሰው ጥበቃ በእነዚህ ሰዓታት ቢጠናከር ይበጃል።

ከአቅም በላይ ሲሆን

ትልቅ መንጋን ማስፈራርቾ አይመልሰውም። አርሶ አደሩ ወፎቹ የሚያድሩበትን የግራር ጫካ ወይም የሐይቅ ዳር ፊላ ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ፈጥኖ ማሳወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1962 በተፈረመ ስምምነት የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በግሪሳ ላይም የአውሮፕላን ርጭት ያካሂዳል። ርጭት ከተደረገ በኋላ የሞቱ ወፎችን ለምግብ መልቀም ለመመረዝ ስለሚዳርግ ልጆችንና ከብቶችን ከአካባቢው ማራቅ ያስፈልጋል።